አምላክ የሚሰማው በየትኛው ቋንቋ ነው?

በንጉሡ ዘመን አባቴን ሒሳብ ያስተማሩት ህንዳዊ ነበሩ። እኒያ መምህር አንድ ቀን «እናቴ ማንበብ አትችልም፤ የራማን ታሪክ ግን ከዳር እስከ ዳር በቃሏ ትወጣዋለች» ብለው ክፍሉን እንዳስደነቁ አባቴ ደጋግሞ አጫውቶኛል። ፊደል ያልቆጠሩ እናት ያን ጥንታዊ ታሪክ በምን ቋንቋ ሰምተው ያዙት? ይህ ጥያቄ ለብዙ ዓመታት አብሮኝ ኖሯል።

ለሂንዱ ሊቃውንት የቅዱስ ነገር ቋንቋ ሳንስክሪት ነበር። ቬዳዎች ከአፍ ወደ ጆሮ ሲተላለፉ አንዲት ድምፅ እንዳትዛነፍ ተማሪው ቃላቱን በልዩ ልዩ ቅደም ተከተል እየመላለሰ ያጠና ነበር። ጥንቃቄው ያስደንቃል፤ ዋጋው ግን ከባድ ነበር። የጥንቶቹ የሕግ መጻሕፍት ሹድራ የተባለው የታችኛው መደብ ቬዳን እንዳይማር ከልክለዋል፤ ለሴቶችም ደጁ አልተከፈተም።

ደጁን ካንኳኩት አንዱ ድኛኔሽዋር ነው። አባቱ ምንኩስናን ትተው ወደ ትዳር በመመለሳቸው ልጆቹ ከማኅበረሰቡ ተገልለው እንዳደጉ ይተረካል። ይህ የተገለለ ወጣት በ1290 እ.ኤ.አ. ብሃጋቫድ ጊታን በ9,000 ያህል ስንኞች በማራቲ ቋንቋ አብራራው፤ ገበሬው በሚነጋገርበት በዚያው ቋንቋ።

ከሦስት ምዕት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1574 እ.ኤ.አ.፣ ቱልሲዳስ በአዮድያ ከተማ «ራምቻሪትማናስ»ን መጻፍ ጀመረ። ቫልሚኪ በሳንስክሪት የተቀኘውን የራማን ታሪክ እርሱ የአገሬው ሕዝብ በሚናገረው በአዋዲ አዲስ አድርጎ ተቀኘው። አፈ ታሪኩ እንደሚለው፣ የተቆጡ የቫራናሲ ካህናት መጽሐፉን በቪሽዋናት መቅደስ ከቬዳዎች ሥር አስቀምጠው በሩን ዘጉ። ማለዳ ሲከፍቱ ከሁሉም በላይ ሆኖ አገኙት። አፈ ታሪኩን ያመነም ያላመነም አንድ ነገር አይክድም፤ መጽሐፉ በሰሜን ህንድ ከመቅደስ አልፎ በየቤቱና በየአደባባዩ ዘልቋል። የመምህሩ እናትም የያዙት ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም።

እኔ ቀን በባንክ መስኮት ገንዘብ ቆጥሬ ማታ ግጥም የምጽፍ ሰው ነኝ። ባለፈው ዓመት በግእዝ ቃላት ያሸበረቅሁትን ግጥም ለእናቴ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ልጄ፣ ዜማው ደስ ይላል፤ ምን አልክ ግን?» አለችኝ። ግእዝ የአማርኛ ባለውለታ ነው ብዬ ልከራከራት ቃጣኝና አፈርኩ።

ቱልሲዳስም ሳንስክሪትን አልጣለም። የመጽሐፉ ሰባት ክፍሎች እያንዳንዳቸው የሚከፈቱት በሳንስክሪት ውዳሴ ነው። አሮጌውን ቋንቋ በደጃፉ በክብር አቁሞ፣ ቤቱን ግን ለእናቶች ሰጣቸው።

ያን ግጥም እንደገና እየጻፍኩት ነው። እስካሁን አላለቀም፤ እናቴም አልፎ አልፎ ትጠይቀኛለች።