ያልተሠራ ቤት የገዛ ሰው ምን ገዛ?

ኦጎልቾ የዝዋይ ዱግዳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ኩሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣው አንድ የስንዴ ዝርያም በስሟ ይጠራል። እዚያ ስንዴ ሸጦ ገንዘብ የተረፈው ገበሬ በትርፉ የእርሻ መሬት መግዛት አይችልም፤ ከየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ወዲህ መሬት አይሸጥም አይለወጥም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 ይህንኑ አጽንቶታል። ስለዚህ ብሩ ወደ ከተማ ይሄዳል፦ አሰላ ቤት፣ አዳማ ቤት፣ ወይም አዲስ አበባ ገና በወረቀት ላይ ያለ አፓርታማ። ጥያቄው ገንዘቡን ከፍሎ የሚፈርመው ያ ወረቀት በሕግ ፊት ምን ይባላል የሚለው ነው።

አርሲ ነገሩን ከሌላው ቀድሞ ያየ አገር ነው። በ1960 ዓ.ም. አካባቢ አሰላ ላይ ካዱ ሥራ ሲጀምር ጭላሎ ትራክተር ገባ፣ የመሬት ዋጋ ወጣ፣ ጭሰኛው ተነቀለ። መሬት እውነተኛ ኢንቨስትመንት ሆኖ ነበር። በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ላይ በብሔራዊ ባንክ ጥላ ሥር አነስተኛ የአክሲዮን ገበያ ይካሄድ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ሁለቱም ቆሙ። ባንኮችና ፋብሪካዎች በታኅሣሥና በጥር፣ የገጠር መሬት በየካቲት፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በሐምሌ ተወረሱ።

የ1952ቱ ንግድ ሕግ ግን አልተሻረም ነበር። ከ1983 ወዲህ የአክሲዮን ማኅበር ዳግም ሲያብብ ባለሀብቶች ያንኑ አሮጌ ሕግ አቧራውን አራግፈው ተጠቀሙበት። ባንክና ኢንሹራንስ ብሔራዊ ባንክ ይቆጣጠራቸዋል። ሌላው ማኅበር ለሕዝብ አክሲዮን ሲሸጥ የሰነዱን እውነትነት የሚመረምር ራሱን የቻለ ተቆጣጣሪ አልነበረም።

የቤት ገዢው ደግሞ ከዚህም የባሰ ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2876 ገና ያልተሠራ ቤት ሽያጭን የሥራ ውል ያደርገዋል። ማለትም ገዢው ግንበኛ እንደቀጠረ ሰው ይታያል። ግንበኛ የቀጠረ ሰው ግን ግድግዳው ሲቆም እያየ ነው የሚከፍለው። የሪል ስቴት ገዢ ቀድሞ ይከፍላል፤ በእርሱ ብር ቦታ ይገዛል፣ የሌላው ሰው ቤት ይጀመራል፣ ማስታወቂያ ይሠራል። በተግባር የድርጅቱ ገንዘብ አቅራቢ ነው፤ የትርፍ ድርሻ የሌለው፣ ጉባኤ ላይ ድምፅ የማይሰጥ። አክሰስ ሪል ስቴት ሲንኮታኮት ከሁለት ሺህ በላይ ገዢዎች ከአንድ ቢሊዮን ብር በላይ ከፍለው ነበር። ብዙዎቹ ለዓመታት ቤትም ብርም አላገኙም።

ከአሜሪካ የሚወሰደው ምሳሌ ቤት አይደለም፣ ብርቱካን ነው። ፍሎሪዳ ውስጥ ሃዊ የተባለ ኩባንያ የብርቱካን እርሻውን በጠባብ በጠባቡ እየሸነሸነ ይሸጥ ነበር፤ ከመሬቱ ጋር የእንክብካቤ ውል አብሮ ያቀርባል። ከገዢዎቹ ብዙዎቹ ከሌላ ግዛት የመጡ እንግዶች ናቸው፤ ብርቱካን መግረዝ አያውቁም። ኩባንያው የሸጥኩት መሬት ነው አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1946 አልተቀበለውም። ሰዎች ገንዘባቸውን በጋራ ሥራ ላይ አውለው ከሌላው ድካም ትርፍ የሚጠብቁ ከሆነ፣ ካርታ ቢይዙም የገዙት ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ነው ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1973 ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ይህንኑ መለኪያ አሻሻጩ እያከራየ ገቢውን ለሚያካፍላቸው ኮንዶሚኒየሞች አዋለው።

በእኛ አገር የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 የወጣው በ2013 ዓ.ም. ነው። ዛሬ አክሲዮን ለሕዝብ ለመሸጥ በባለሥልጣኑ የተመዘገበ የደንበኛ ሳቢ መግለጫ ያስፈልጋል፤ የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያም በጥር 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል። በዚያው ዓመት የሪል ስቴት ልማትና ግብይት አዋጅ መጣ። ሁለት ሕግ፣ ሁለት በር። በጎ ነው። ግን አንድ አልሚ «አፓርታማውን ግዛ፣ እኛ እንደ ሆቴል እናከራይልሃለን፣ በየዓመቱ ይህን ያህል እንከፍልሃለን» ሲል በየትኛው በር ይገባል? ገዢው ቤቱ ውስጥ አንድ ሌሊት ላያድር ይችላል። ይህ ከብርቱካኑ ምንም አይለይም፤ መታየትም ያለበት እንደ ቤት ሽያጭ ሳይሆን እንደ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ነው። መግለጫውም የኦጎልቾ ገበሬ በሚያነበው አፋን ኦሮሞ መቅረብ አለበት።

ነገሩ እርሻው ድረስም ይዘልቃል። የገጠር መሬት ሕጉ ባለይዞታው መሬቱን ይዞ ከባለሀብት ጋር በውል በጋራ እንዲያለማ ይፈቅዳል። ገበሬው መሬት ያዋጣል፣ ባለሀብቱ ፓምፕና ዘር ያመጣል፣ ትርፉን ይካፈላሉ። አንድ ባለሀብት ከመቶ ገበሬ ጋር እንዲህ ቢዋዋል እያንዳንዱ ውል ወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ፋይል ውስጥ ለብቻው ይቀመጣል። መቶውን ውል አንድ ላይ አድርጎ የባለሀብቱን ሒሳብ የሚጠይቅ ጠረጴዛ ግን ወረዳው ላይ የለም።