ከረጢቱ ላይ ያልተጻፈችው ዱመርሶ

ነገሩ የጀመረው በቡና ነው። ከመካከላችን አንዱ፣ ከውጭ የመጣ ዘመዱ በስጦታ የሰጠውን ሩብ ኪሎ የተቆላ ቡና ይዞ መጣ። እስቲ አስቡት፤ ከባሕር ማዶ ወደ ኢትዮጵያ በስጦታ የመጣ ቡና! ሳቅን። ከሳቅን በኋላ ከረጢቱን ገልብጠን ስናነብ ግን «ዱመርሶ» ይላል። ከሥሩ ይርጋጨፌ፣ ጌዴኦ፣ የታጠበ። ከፍታው በሜትር ተጽፏል፤ ጣዕሙም ኮክ፣ ሎሚ፣ የአበባ ሽታ እየተባለ ተዘርዝሯል። ዝርያው ደግሞ በደፈናው «ነባር» ተብሎ ታልፏል።

እኛም እንደ ዘመናችን ልጆች ስሟን ኢንተርኔት ላይ ጻፍንና ፈለግን። ከእስያ እስከ አሜሪካ ያሉ ቡና ቆይዎች ስለ ዱመርሶ ቡና ያላሉት የለም። አንዱ በወረቀት ማጥለያ ጠጡት ይላል፣ ሌላው የለም በኤስፕሬሶ ይሻላል ይላል። የዱመርሶ ሰው ጠዋት ምን እንደሚቀምስ፣ ሲቸግረው የማንን ስም እንደሚጠራ የነገረን ግን አንድም አላገኘንም። ነገሩ ስላናደደን ፍለጋችንን ከቡናው ወደ ሰዉ አዞርነው። የሚከተለው በየቦታው ተበታትኖ ካገኘነው የወደድነው ነው። ከፊሉ ስለ ዱመርሶ ብቻ ሳይሆን ስለ ጌዴኦ ሁሉ ነው፤ ለዱመርሶ ብቻ የተጻፈው ያው የቡና ወረቀት ስለሆነ።

ለማያውቃት፣ ዱመርሶ በጌዴኦ ዞን በይርጋጨፌ በኩል ያለች የቡና ቀበሌ ናት። ከአዲስ አበባ በሞያሌ መንገድ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ የዞኑ ዋና ከተማ ዲላ ይገኛል። ይርጋጨፌ ከዚያ ወደ ደቡብ ነው።

መጀመሪያ ስሟ ከረጢት ላይ እንዴት እንደወጣ። በ1999 ዓ.ም. መንግሥት ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስከበር ከስታርባክስ ጋር ያደረገውን ክርክር በስምምነት ሲጨርስ ብዙዎቻችን ደስ ብሎን ነበር። ከዚያ በ2001 ዓ.ም. ቡናው በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል መሸጥ ጀመረ። ገበያው ቡናውን በአካባቢና በደረጃ መድቦ ስለሚቀላቅል፣ ከዱመርሶ የወጣውም ከጎረቤት ቀበሌ የወጣውም «ይርጋጨፌ፣ ደረጃው ይህን ያህል» ሆኖ ይወጣ ነበር። ለገበሬው ፈጣን ክፍያና የታወቀ ዋጋ ጥሩ ነገር ነው፤ የትንሽ ቀበሌ ስም ግን እዚያው መጋዘን ውስጥ ይቀራል። በ2009 ዓ.ም. ደንቡ ሲላላ የማጠቢያ ጣቢያ ባለቤቶች ቡናቸውን ከነመነሻው በቀጥታ ወደ ውጭ መላክ ቻሉ። እንደ ዱመርሶ ያሉ ስሞች በየአገሩ መደርደሪያ ላይ መብዛት የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው። ስሙ ነጻ ወጣ እንበል። የወጣው ግን ስሙ ብቻ ነው።

ያ «ነባር» የተባለው ዝርያ እንኳ አገሬው ዘንድ ስም አለው። ኩርሜ፣ ወሊሾ፣ ደጋ ይባላል። ገበሬው ቅጠሉንና ፍሬውን አይቶ ይለየዋል። ከረጢቱ ላይ ሲደርስ ሦስቱም አንድ ቃል ሆኑ።

አሁን ወደ ጓሮው እንግባ። የጌዴኦ ማሳ ከሩቅ ሲታይ ጫካ ይመስላል። ጠጋ ሲሉ ግን ቤት ነው፣ ደጅ ነው፣ ጎተራ ነው። ከላይ ብርብራውና ዋንዛው ጥላ ያጠላሉ፤ ከእነሱ ሥር እንሰት፣ ከእንሰቱ ጋር ቡና፣ መሬቱ ላይ ጎመኑና ሌላው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ዞኑ 847,434 ሰው ነበረው፤ በካሬ ኪሎ ሜትር 700 ገደማ ማለት ነው። ያን ሁሉ ሕዝብ በዚያ ቀጥ ባለ ተዳፋት ላይ አፈሩ ሳይሸረሸር ማኖር ቀልድ አይደለም። ታደሰ ኪጴ የተባሉት የአገሩ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2002 በኔዘርላንድ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት ይህንኑ የመሬት አያያዝ የሚመረምር ነው። የአምስት ሺህ ዓመት ዘላቂነት ይሆን? ብሎ በርዕሱ ይጠይቃል። ከግኝቶቻችን ሁሉ ተራውን የጓሮ ሥራ እንደ ትልቅ እውቀት አክብሮ የያዘው እሱ ስለሆነ ቅድሚያ ሰጥተነዋል።

አዲስ አበባ ላይ ቡና ዳቦ ነው ይባላል። ጌዴኦ ውስጥ ግን ዳቦው እንሰት ነው። ለመድረስ ዓመታት የሚፈጅ፣ ተፍቆ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ የሚብላላ፣ ቆጮና ቡላ የሚሆን። ፍቂያው የሴቶች ሥራ ነው፤ ክንድና ወገብ የሚፈትን ሥራ። ቡናው ገንዘብ ነው፣ ለልጅ ደብተርና ለቆርቆሮ። ከጥቅምት ጀምሮ ቀዩ እሸት ይለቀማል። እሸት ቡና አያድርም፤ በለቀሙበት ቀን ማጠቢያ ጣቢያ መድረስ አለበት። እዚያ ይፈለፈላል፣ ገንዳ ውስጥ አንድ ሁለት ቀን ይብላላል፣ ይታጠባል፣ ከዚያ የሽቦ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ፀሐይ ይመታዋል። ብልሹውን በጣቱ እያነሳ የሚጥለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት። ያቺ ሩብ ኪሎ ከረጢታችን ወደ ሁለት ኪሎ የሚጠጋ እሸት ፈጅታለች። አሰላነው! ከአሰላነው በኋላ ሲኒው ከብዶን ነበር።

ቡናው ሁልጊዜ የገበሬው አልነበረም። የምኒልክ ጦር አገሩን የያዘው በ1880ዎቹ መጨረሻ ነው። ሲዳሞን ለረጅም ጊዜ የገዙት ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ነበሩ፤ ሥልጣናቸውም እስከ 1920 ዓ.ም. ቆየ። ገበሬው ገባር ሆነ። ለመልከኛው እንጨት ይለቅማል፣ አጥር ያጥራል፣ ጭነት ይሸከማል። በስሙ እንኳ አልተጠራም፤ አውራጃው እስከ አብዮቱ «ደራሳ» ነበር። አሜሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ቻርልስ ማክሌላን የ1895–1935 እ.ኤ.አ. ዘመንን በአንድ መጽሐፍ ጽፎታል። ቡናው ዋጋ ሲያወጣና ዲላ የግሪክና የየመን ነጋዴ የሚውልባት ገበያ ስትሆን መሬቱም ዋጋ አወጣ፤ መሬቱ ዋጋ ሲያወጣ ቃላድ ተጣለ፣ ባለርስት በዛ።

በ1952 ዓ.ም. ነገሩ ፈነዳ። ጭሰኛው ከቡናው የሚጠየቀውን ድርሻ አልከፍልም አለ። ሚጪሌ ላይ ጦርና ዱላ የያዘ ገበሬ ጠመንጃ ከያዘ ባለርስትና ነፍጠኛ ጋር ተጋጠመ። ውጤቱን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ብዙ ሰው አለቀ። ስለ ባሌና ስለ ጎጃም የገበሬ አመፅ ሲነገር የሰማን ሁሉ ስለ ሚጪሌ ስንቶቻችን ሰምተናል? እኛ አልሰማንም ነበር። ያንን የጠየቁትን መሬት ያገኙት ከ15 ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ነው።

ወደ እምነቱ እንምጣ። ጌዴኦ ከማንኛውም ቤተ ክርስቲያን በፊት ማጌኖ የሚለው የሰማይ አምላክ ነበረው። ሶንጎ ነበረው፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሚመክሩበት፣ የሚፈርዱበት፣ የሚመርቁበት ሥፍራ። ደራሮ ነበረው፤ የምስጋና በዓል። ኦርቶዶክሱ ከሰሜን ከመጣው ሰው ጋር መጣ። ወንጌላውያን በኋላ መጡ፤ በ1999ኙ ቆጠራ ግን ከአሥር ሰው ከሰባት በላይ ፕሮቴስታንት ነበር፣ ከአሥር አንድ የሚሆነው ደግሞ የአባቶቹን እምነት እንደያዘ ነበር። በአንድ ሰው ዕድሜ የሆነ ለውጥ ነው!

ስለዚህ ለውጥ ካገኘነው ሁሉ በዓለም ላይ በብዛት የሚዞረው የዋራሳ ዋንጌ ታሪክ ነው። ዶን ሪቻርድሰን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ እንዲህ ይተርከዋል። ዋራሳ የሚባል የጌዴኦ ሰው ማጌኖ ራሱን እንዲገልጥለት ይጸልያል። በራእይ ሁለት ነጮች ዲላ አጠገብ ካለ ሾላ ሥር ድንኳን ሲተክሉ ያያል፤ ኋላም ጣራቸው የሚያብለጨልጭ ቤቶች ይሠራሉ። እነዚህ ከማጌኖ መልእክት ይዘው የሚመጡ ናቸው ይባላል። በመጨረሻ ዋራሳ የገዛ ጎጆውን ምሰሶ ነቅሎ፣ ተሸክሞ ሄዶ፣ ከሚያብለጨልጨው ቤት አጠገብ ሲተክለው ያያል። በአገሩ ልማድ ምሰሶው የሰውዬው ሕይወት ነው። ስምንት ዓመት አለፈ። በታኅሣሥ 1941 ዓ.ም. አልበርት ብራንትና ግሌን ኬይን የሚባሉ ሁለት ሚሲዮናውያን በአሮጌ የጭነት መኪና መጥተው ሾላው ሥር ድንኳን ተከሉ።

ታሪኩ ያምራል፣ አይካድም። የዲላ አማኝ ለልጁ ቢተርከው ሊገርመን አይገባም። እኛ ግን እንደ ታሪክ አንባቢ ሁለት ሦስት ነገር ከነከነን። ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሲቆጠር 1933 ዓ.ም. አካባቢ ነው፤ ያኔ አገሩ ላይ ጣሊያን ነበር! ነጭ ሰው እንግዳ አልነበረም፤ መሣሪያ ይዞ ሰፍሮ ነበር። ቆርቆሮስ ቢሆን፣ ነጋዴ በከተመባት ከተማ ያን ያህል ብርቅ ነበር ወይ? ከሁሉ የከነከነን ደግሞ የጎደለው ነው። ዋራሳ የማን ገባር ነበር? ምን ያህል ይከፍል ነበር? ማጌኖን እንዲያ አጥብቆ ያስለመነው ምን ዓይነት ቀን ነበር? ትረካው ሰውዬውን ሰማይ ሲያይ ያሳየናል እንጂ መሬት ላይ የሚኖርበትን አያሳየንም። የቡናው ከረጢት ደግሞ መሬቱን በሜትር ለክቶ ሰውየውን ትቶታል። የእምነቱን ነገር ለአማኙ እንተወው። ለእኛ ትልቁ ነገር፣ አዲሱ እምነት የገባው በአሮጌው ስም መሆኑ ነው። የተጸለየው ወደ ማጌኖ ነው፣ መልእክቱም የመጣው ከማጌኖ ነው ተባለ።

ድንጋዮቹን ሳንጠቅስ ብናልፍ ዲላዎች ይቀየሙናል። ቱቱ ፈላና ጨልባ ቱቲቲ ላይ የቆሙት ትክል ድንጋዮች ገና በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. በፈረንሳዊው አባ አዛይስ ተመዝግበዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት ሳካሮ ሶዶ ላይ ካሉት ውስጥ አንዳንዶቹ የአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥራ ሊሆኑ እንደሚችሉ አሳየ፤ ይህም ቀድሞ ከሚገመተው ሺህ ዓመት ያህል ወደ ኋላ የሚሄድ ነው። መስከረም 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ የተቀመጠው የዩኔስኮ ጉባኤ ድንጋዩን፣ የማይቆረጠውን ቅዱስ ደንና ያንን ጫካ የሚመስል ጓሮ አንድ ላይ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ብሎ በዓለም ቅርስነት መዘገበ። አጨበጨብን።

ያ መልክዓ ምድር ግን ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ ሌላ ነገር አይቷል። ከሚያዝያ 2010 ዓ.ም. ጀምሮ በምዕራብ ጉጂና በጌዴኦ ከ800 ሺህ በላይ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ፤ አብዛኛው ምዕራብ ጉጂ ውስጥ ይኖር የነበረ ጌዴኦ ነው። በ1987 እና በ1990 ዓ.ም. የነበረው ግጭት ጠባሳው ሳይሽር ይኸኛው ከሁሉ በለጠ። ጌዴኦና ጉጂ በአፈ ታሪክ የወንድማማቾች ልጆች ናቸው፤ ደም ሲፈስ የሚያስታርቁበት ጎንዶሮ የሚባል ሥርዓትም አላቸው። በዚያ ክረምት ግን ሰው በየትምህርት ቤቱና በየቤተ ክርስቲያኑ ወለል ላይ፣ ባላለቀ ሕንፃ ውስጥ፣ በላስቲክ ሥር ነበር። ይርጋጨፌም፣ ገደብም፣ ኮቸሬም ሞልተው ነበር። የዚያን ዓመት የይርጋጨፌ ቡናም እንደ ወትሮው ተሽጧል፤ የአበባ ሽታ አለው ተብሎ ተጽፎበታል።

ከረጢቷ አሁንም ጠረጴዛችን ላይ ናት፤ ባዶዋን። አንዳችን ባለፈው በዲላ በኩል ሲያልፍ ከአውቶቡሱ መስኮት ሆኖ የጣራ ዓይነት ሲቆጥር እንደዋለ ነገረን። ጎጆ እየቀነሰ ነው አለ። ቡና የሸጠ ቤት መጀመሪያ የሚሠራው ባለ አራት ማዕዘኑን፣ ቆርቆሮ የለበሰውን ነው። ዝናብ አያስገባም፣ በየጊዜው ሣር ልክደን አይልም፤ ማንም ቢሆን ይመርጠዋል። መሐሉ ላይ ግን ምሰሶ የለውም።