የሐምዛን ልጅ ማን ያሳድጋት?

ዛሬ የምንነጋገረው ወላጆቻቸው ለእንጀራ ባሕር ሲሻገሩ አገር ቤት ስለሚቀሩ ልጆች ነው። ጉዳዩ የዘመናችን ብቻ ቢመስልም በሲራ ውስጥ ምሳሌ አለው።

የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አጎት ሐምዛ (ረ.ዐ.) ወደ መዲና ተሰደው በ625 እ.ኤ.አ. በኡሑድ ሸሂድ ሆኑ። ትንሽ ልጃቸው ግን መካ ነበረች። በሂጅራ 7ኛው ዓመት (629 እ.ኤ.አ.) ነቢዩ ዑምራ ፈጽመው ከመካ ሲወጡ ልጅቷ አጎቴ እያለች እየተጣራች ተከተለቻቸው። ዓሊይ (ረ.ዐ.) እጇን ይዘው ለባለቤታቸው ለፋጢማ (ረ.ዐ.) ሰጧት።

ኋላ በሷ ምክንያት ክርክር ተነሳ። ክርክሩ ግን «አንተ አሳድጋት» ሳይሆን «እኔ ላሳድጋት» የሚል ነበር። ዓሊይ የአጎታቸው ልጅ መሆኗንና መጀመሪያ የተቀበሏት እርሳቸው መሆናቸውን ተናገሩ። ዘይድ ኢብን ሓሪሣ (ረ.ዐ.) ከአባቷ ጋር የነበራቸውን የእምነት ወንድማማችነት አነሱ። ጃዕፈር (ረ.ዐ.) ደግሞ ለእርሳቸውም የአጎት ልጅ መሆኗን፣ በዚያም ላይ ባለቤታቸው አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ.) የእናቷ እህት መሆናቸውን ገለጹ። ጃዕፈርና አስማእ ከእኛው ከሐበሻ ምድር፣ ከረጅም የስደት ዓመታት በኋላ መዲና ከገቡ ገና ብዙ አልቆዩም ነበር። ልጃቸው ዐብደላህም የተወለደው እዚሁ ሐበሻ ነው።

ነቢዩም አክስት በእናት ቦታ መሆኗን አስረድተው ለአስማእ ቤት ፈረዱ። ለሦስቱም ግን ልብ የሚጠግን መልካም ቃል ተናገሩ። ልብ በሉ፤ የፍርዱ መመዘኛ ሀብት ሳይሆን የእናት እቅፍ ነበር።

ዛሬስ? ወደ ሪያድ፣ ጅዳና ቤሩት የሄዱ እናቶች ልጆች ከአያት ወደ አክስት፣ ከአክስት ወደ ጎረቤት ሲንከራተቱ እናያለን። ገንዘብ ይላካል፤ ልጁ ግን የማን እንደሆነ አያውቅም። ዝም ሲል ጨዋ ሆነ እንላለን፤ አልጋው ላይ ሲሸና ወይም በትምህርቱ ሲሰንፍ እንቆጣዋለን። ይህ ብልግና ሳይሆን ናፍቆትና ጭንቀት ሊሆን ይችላል።

ተጓዥ ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ ተኝቶ ሳለ ሹልክ ብላችሁ አትሂዱ። ማን እንደሚያሳድገውና መቼ እንደምትደውሉለት ንገሩት፤ በቃላችሁም ተገኙ። የተረከባችሁትም፣ ልጁ አማና ነውና ስለ እናቱ ሲጠይቅ አፉን አታስይዙት። ጭንቀቱ ከበረታ ዱዓእ እያደረግን ወደ ሐኪምም እንውሰደው።

ያቺ ልጅ ስትጣራ ሦስት ቤት ተከፈተላት። በየሰፈራችን ለሚጣሩት ልጆች አንዱን ቤት እንኳ እንክፈት። አላህ (ሱ.ወ.) ያግዘን።