ከፍርድ ቤት ደጃፍ እስከ ቴሌግራም፦ የጽሕፈት ሥራ ፍለጋ በቂርቆስና በካዛንቺስ

ካዛንቺስ በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ተብሎ የተቆረቆረና ዛሬ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ሥር የሚገኝ ሰፈር ሲሆን፣ በ1950 ዓ.ም የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ተቋቁሞ በ1953 ዓ.ም የአፍሪካ አዳራሽ ከተመረቀ ወዲህ፣ አካባቢው ሰነድ የሚረቀቅበት፣ የሚተረጎምበትና የሚባዛበት ሆኗል። ስለዚህም የፍሪላንስ ጽሕፈት፣ ማለትም ጸሐፊው ወር ጠብቆ ደመወዝ ሳይቀበል በገጽ ወይም በሰነድ እየተዋዋለ የሚሠራው ሥራ፣ በየዘመኑ እንዴት ይገኝ እንደነበር ለመመርመር ምቹ ስፍራ ነው።

የዚህ ሙያ ቀደምት መልክ በአዲስ አበባ ፍርድ ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች ደጃፍ የሚቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ነው። ራፖር ጸሐፊ የባለጉዳዩን አቤቱታ አዳምጦ በሕግና በደብዳቤ ወግ የሚያሰናዳ ሰው ሲሆን፣ መቀመጫው ራሱ ማስታወቂያው ስለነበር ሌላ ልፈፋ አላስፈለገውም፤ ዋጋውም ብዕር ከመነሣቱ በፊት በቃል ተቆርጦ እዚያው ይከፈል ነበር። ኋላ የጽሕፈት መኪናና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ሲስፋፉም ይኸው ፊት ለፊት የመዋዋል ልማድ ቀጠለ።

የታተመው ማስታወቂያ ግን ሌላ ሥርዓት ይዞ መጣ። በ1933 ዓ.ም የተመሠረተው አዲስ ዘመን ጋዜጣ ለብዙ ዓመታት የክፍት ሥራ ቦታዎች ዋና መገኛ ሆኖ ቆየ፤ የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34/1985 ከወጣ በኋላም ሪፖርተርን የመሰሉ የግል ጋዜጦች ማስታወቂያውን ተጋሩት። ጋዜጣ መግዛት የከበደው ሥራ ፈላጊ አራት ኪሎ ላይ በሳንቲም ተከራይቶ እያነበበ ስልክ ቁጥሩን ይገለብጥ ነበር። የማስታወቂያው ቋንቋም የጸና ነበር፦ «ይህ ማስታወቂያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ» ይልና የትምህርት ማስረጃውን ዋናና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ ጠይቆ፣ ብዙ ጊዜ «ደመወዝ፦ በስምምነት» ብሎ ይዘጋል። ይህ አቀራረብ በዋናነት ለቋሚ ቅጥር የተበጀ በመሆኑ፣ የቁርጥ ሥራ ፈላጊው ጸሐፊ ዕድሉን የሚያገኘው ድርጅቶች ለጥናት፣ ለትርጉም ወይም ለአርትዖት በሚያወጡት የአማካሪ ጥሪ ነበር፤ ከዚህ ጥሪ ጋር የሚሰጠውና በተለምዶ ቲኦአር የሚባለው ሰነድ የሥራውን ስፋት፣ የማስረከቢያ ጊዜና የአከፋፈል ደረጃ ስለሚዘረዝር፣ ከጋዜጣው ማስታወቂያ ይልቅ ጸሐፊውን ይጠብቀዋል።

የኤሌክትሮኒክ መልእክት ወደ ኢትዮጵያ ሲገባም የካዛንቺስ ድርሻ ጉልህ ነበር፤ መደበኛው የኢንተርኔት አገልግሎት በ1989 ዓ.ም በቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ከመጀመሩ በፊት፣ በኢኮኖሚ ኮሚሽኑ ውስጥ የነበረው ፓዲስ የተባለው የመረጃ ሥርዓት በስልክ መስመር ኢሜይል ያስተላልፍ ነበር። ያን ጊዜ በአሜሪካ ክሬግስሊስት፣ በ1995 እ.ኤ.አ. በኢሜይል ዝርዝርነት ተጀምሮ፣ የጋዜጣን ጥቃቅን ማስታወቂያ ወደ ኢንተርኔት ማሻገር ይዞ ነበር። በአገራችን ኢትዮጆብስን የመሰሉ ድረ ገጾች ቀጥለው መጡ፤ ቴሌግራም በ2015 እ.ኤ.አ. ቻናል ማለትም አንዱ ለብዙዎች የሚያሠራጭበትን ገጽ ከከፈተ በኋላ ደግሞ ፍሪላንስ ኢትዮጵያ በሚል ስም የታወቀውና ኋላ አፍሪወርክ የተባለው መድረክ ለጸሐፊ፣ ለተርጓሚና ለአርታኢ የሚወጡ አጫጭር ሥራዎችን በስልክ ላይ አቀረበ። በ2017 ዓ.ም በኮሪደር ልማት ምክንያት የካዛንቺስ ነባር ቤቶች በሰፊው ሲፈርሱም፣ ይህ ዓይነቱ ሥራ ከሰፈርና ከደጃፍ አስቀድሞ ተላቆ ነበር።

ፍጥነቱ ግን ዋስትና አላመጣም። አሠሪና ጸሐፊ ሳይተያዩ ስለሚዋዋሉ፣ «ናሙና ላክ» ተብሎ ያለ ክፍያ የተጻፈ ጽሑፍ ወስዶ መጥፋት ቀላል ሆኗል፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በራሱ የንግድ ሥራ ወይም የሙያ ኃላፊነት ዋጋ እየተቀበለ የሚሠራን ሰው ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጭ ስላደረገ፣ የፍሪላንስ ጸሐፊ ዋና መከታው የገባው ውል ነው። ስለሆነም የሥራው መጠን፣ የማስረከቢያው ቀንና ዋጋው ቢያንስ በመልእክት ሳይሰፍር ጽሑፍ መጀመር አይገባም፤ ራፖር ጸሐፊው በደጃፉ ያስከብረው የነበረው ደንብም ይኸው ነው።