የነገሥታት የዘር ሐረግ፦ ከዳዊት ቤት እስከ ዳሞታ ተራራ

የወላይታ የቃል ታሪክ ሁለት የነገሥታት ቤቶችን ያውቃል። ቀዳሚው ከሞቶሎሚ የሚቆጠረው የወላይታ ማላ ቤት ነው። እሱን የተካው የትግሬ ቤት ሲሆን መሥራቹ ሚካኤል ከትግራይ እንደመጣ ይነገርለታል። ደልቦ ላይ፣ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ይገዛ የነበረውና በ1887 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክ ጦር ቆስሎ የተማረከው ካዎ ጦና ጋጋ የዚህ ቤት የመጨረሻው ንጉሥ ነበር። ይህን ትውፊት ሰዎች በሁለት መንገድ ሲተረጉሙት ኖረዋል። አንዳንዶች ወላይታን የሰሜን ሰዎች መጥተው እንዳነገሡት እንደ ማስረጃ ይጠቅሱታል። ሌሎች ደግሞ ከ1887 በኋላ አዲሶቹን ገዢዎች ለማስደሰት የተፈጠረ ተረት ነው ብለው ይጥሉታል። በእኔ እምነት ሁለቱም ከትውፊቱ የማይገኝ ነገር ይፈልጋሉ። የንጉሥ የዘር ሐረግ ማን ማንን እንደወለደ ከመመዝገቡ ይልቅ፣ አንድ ቤት ለመግዛት ያለውን መብት በምን እንዳስረዳ ይነግረናል። ይህን ለማየት ደግሞ የእስራኤልን ነገሥታት ያህል የሚረዳ ንጽጽር የለም። ትልቁ የኢትዮጵያ የንግሥና ሐረግ ራሱን የመዘዘው ከዚያ ነውና።

ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 17 ንጉሥ ከወንድሞችህ መካከል ይሁን፣ ባዕድ አይንገሥብህ ይላል። ያው መጽሐፍ በምዕራፍ 23 ሞዓባዊና አሞናዊ ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ እንዳይገባ ይከለክላል። ሕጉ ይህን ያህል ጥብቅ ነው። መጽሐፈ ሩት ግን መጨረሻው ላይ የዳዊትን ሐረግ ሲዘረዝር፣ ቦዔዝ ኢዮቤድን፣ ኢዮቤድ እሴይን፣ እሴይ ዳዊትን ወለደ ይላል። ኢዮቤድን የወለደችው ደግሞ ሞዓባዊቷ ሩት ናት። የነገሥት መጻሕፍት የይሁዳን ነገሥታት ሲያስተዋውቁ የእናታቸውን ስም የመጥቀስ ልማድ አላቸው፤ የሰሎሞን ልጅ ሮብዓም ላይ ሲደርሱ እናቱ አሞናዊቷ ናዕማ እንደነበረች በግልጽ ይጽፋሉ። በሕጉ የተከለከሉት ሁለቱም ሕዝቦች ደማቸው በዳዊት ቤት አለ ማለት ነው። ጸሐፊዎቹ ይህን አልሸሸጉትም፤ ምክንያቱም ዳዊትን ያነገሠው የደም ጥራት አልነበረም። የእስራኤል ሽማግሌዎች ወደ ኬብሮን መጥተው ቃል ኪዳን ካደረጉ በኋላ ነው የቀቡት። የልጅ ልጁ ሮብዓም በሴኬም የሕዝቡን ልመና በንቀት ሲመልስ አሥሩ ነገድ ጥለውት ሄዱ። የዳዊት ዘር መሆኑ ያን ቀን አላዳነውም።

ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭ ያለ አንድ ማስረጃ ደግሞ ነገሩን የበለጠ ያጠራዋል። በተገነጠሉት አሥሩ ነገድ ላይ የነገሠው ኢዩ የንጉሥ ዘንበሪን ቤት ከሥሩ የነቀለ ሰው ነው፤ የዘንበሪን ልጅ የአክዓብን ሰባ ልጆች አስፈጅቶ ነው ዙፋኑን ያጸናው። ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም በሚገኘው የአሦር ንጉሥ ሳልማናሶር ሦስተኛ ጥቁር ሐውልት ላይ ግን ለአሦር የሚገብረው ኢዩ «የዘንበሪ ልጅ» ተብሎ ተጽፏል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በዘጠነኛው ክፍለ ዘመን፣ ኢዩ በሕይወት እያለ የተቀረጸ ጽሑፍ ነው። በዚያ ዘመን ለነበሩት ጎረቤቶች የቤቱ ስም የመንግሥቱ ስም ሆኖ ነበር፤ ዙፋኑን የያዘ ሁሉ፣ የቤቱ ገዳይ እንኳ ቢሆን፣ በዚያ ስም ይጠራ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በጽሑፍ በሚመራው በአሦር ቤተ መንግሥት ከሆነ፣ በቃል በሚተላለፍ ታሪክ ውስጥ «ልጅ» የሚለውን ሁሉ እንደ ልደት ምስክር ወረቀት መውሰድ ያስቸግራል።

የእኛም አገር ምሳሌ ከዚህ አይርቅም። መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 10 የሳባ ንግሥት በእንቆቅልሽ ሰሎሞንን ልትፈትን እንደመጣች፣ 120 መክሊት ወርቅ እንደሰጠችውና ወደ አገሯ እንደተመለሰች ይናገራል። ስለ ልጅ አንድም ቃል የለውም። የሁለቱ ልጅ የተባለውን ቀዳማዊ ምኒልክን የምናገኘው በክብረ ነገሥት ነው። የዚህ መጽሐፍ የግእዝ ቅጂ የተጠናቀረው በ14ኛው ክፍለ ዘመን፣ ማለትም ይኩኖ አምላክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1270 ከዛጉዌ ሥልጣን ከወሰደ በኋላ ነው። አዲሱ ቤት ከዛጉዌ የሚበልጥበትን ምክንያት ማሳየት ነበረበት፤ ሐረጉም ይህን አደረገለት። ይኸው ሐረግ እስከ 1948ቱ ሕገ መንግሥት ድረስ ዘልቆ የአፄ ኃይለ ሥላሴን ዘር ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ጋር በአንቀጽ አያይዞታል። ይህን ማለት እምነትን መንካት ነው የሚል ይኖራል። እኔ ግን የምለው ስለ ዙፋን ክርክር ነው፤ ሰው በታቦተ ጽዮን ላይ ያለው እምነት በይኩኖ አምላክ የልደት ሐረግ ላይ አልተመሠረተም።

ወደ ወላይታ ስንመለስ፣ «ከሰሜን መጣን» የሚለው ቃል እንዲህ ባለ አገር ውስጥ የተነገረ መሆኑን መርሳት አይገባም። ሞቶሎሚ ራሱ በገድለ ተክለ ሃይማኖት ውስጥ የዳሞት ንጉሥ ሆኖ ተጽፏል። ከሱ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ዘግይተው ደብረ ሊባኖስ ላይ የጻፉት መነኮሳት በሱ ያዩት በተክለ ሃይማኖት ወደ ክርስትና የተመለሰ አረማዊ ንጉሥን ነው፤ ወላይታዎች የሚያዩት የመንግሥታቸውን መሥራች ነው። ስለዚህ ደቡቡና ሰሜኑ አንዱ የሌላውን ነገሥታት ሳያውቅ አልኖረም። ከወላይታ ማላ ዙፋን የወሰደ ቤት ለምን እንደሚገባው ሲጠየቅ፣ ከአገሩ ጎሳዎች ሁሉ በላይ የሆነ መነሻ ያስፈልገው ነበር፤ ሰሜኑ ያን ሰጠው።

ከዚህ ላይ የሚነሣው ጠንካራ ተቃውሞ ስሙ ነው። ትግሬ የሚባል ጎሳ ዛሬም በወላይታ አለ፤ ያለ ፍልሰት ስሙ ከየት መጣ? ከሰሜን የመጡ ሰዎች መኖራቸውን አልክድም። ነጋዴም፣ ካህንም፣ ወታደርም ሊመጣ ይችላል። ይሁን እንጂ የጥቂት ሰዎች መምጣትና የአንድ ሙሉ ቤት ደም ከትግራይ መሆኑ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የኢዩ ምሳሌ ያሳየንም ይህንኑ ነው። ሐረጉ ከ1887 በኋላ ተፈጠረ የሚለው ግምት ደግሞ ከዚህ ይልቅ ደካማ ነው። የወላይታ ጎሳ ማን ማንን እንደሚያገባ የሚወስን ነው። በአንድ ጎሳ ውስጥ ጋብቻ የለም፤ እንዲህ የሰውን ትዳር የሚገዛ ስም በአንድ ትውልድ ለገዢ ተብሎ የሚለጠፍ አይደለም። ሐረጉ ሰሜኖችን ለመለማመጫ የተሠራ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ለጦና ነበር የሚጠቅመው። እሱ ግን የጅማውን አባ ጅፋርን ጭምር ያሰለፈ ታላቅ ዘመቻ እስኪመጣበት ድረስ አልገብርም ብሎ ተዋጋ።

ከሁሉ የበለጠ ትኩረቴን የሚስበው የተሸናፊው ቤት ዕጣ ነው። ጎቶልያ በይሁዳ የንጉሡን ዘር ሁሉ ስታስፈጅ ያመለጠው ሕፃኑ ኢዮአስ ብቻ ነበር። ወላይታ ማላ ግን ዙፋኑን ካጣ በኋላም ጎሳ ሆኖ ቀጠለ፤ ዛሬም ትግሬም ወላይታ ማላም በአንድ አገር ጎን ለጎን ይኖራሉ። የወላይታን የነገሥታት ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ግን የኋለኛውን ቤት ስሞች ከጦና ወደ ኋላ ሲቆጥሩ ይበረታሉ፤ ቀዳሚው ቤት ላይ ሲደርሱ ከሞቶሎሚ ስም ብዙም አይዘልቁም። መጽሐፈ ዜና መዋዕል ይህን አድርጓል። የዳዊትን ቤት ብቻ ተከትሎ የሰሜኑን ነገሥታት ከይሁዳ ጋር ሲገናኙ ብቻ ያነሣቸዋል፤ የቤርሳቤህንና የኦርዮን ታሪክ ጨርሶ ትቶታል። ሁለቱን መንግሥታት ጎን ለጎን ይዘው የሄዱት የነገሥት መጻሕፍት ባይኖሩ ኖሮ ስለ ዘንበሪና ስለ ኢዩ የምናውቀው እጅግ ጥቂት ይሆን ነበር። የወላይታ ማላ ሽማግሌዎች የሚናገሩት ሳይጻፍ የትግሬው ቤት ሐረግ ብቻ ከታተመ፣ በእጃችን የሚቀረው ዜና መዋዕል ብቻ ነው።