ስማቸው የማይጠራ አምስት ጠባቂዎች

ልጆቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ ቴሌቪዥን ላይ ተተክለው የሚያዩት የኮሌጅ ፉትቦል ሊታገድ ተቃርቦ እንደነበር ስንቶቻችን እናውቃለን? ሜዳ ላይ የሚሞቱት ወጣቶች በመብዛታቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1905 ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የሃርቫርድን፣ የዬልንና የፕሪንስተንን ተወካዮች ዋይት ሃውስ ጠርተው ጨዋታው እንዲታረም አሳሰቡ። በ1906 ኳስን በእጅ ወደፊት መወርወር ተፈቀደ።

ሆኖም ወርዋሪው፣ ማለትም ኳርተርባኩ፣ ተቀባዩን እስኪያይ ድረስ ጠባቂ ያሻዋል። ይህ የአምስት ሰዎች ሥራ ነው፤ መሐል ሴንተሩ፣ በግራና በቀኙ ሁለት ጋርዶች፣ ከእነርሱ ቀጥሎ ሁለት ታክሎች። ወደኋላ እያፈገፈጉ የሚመጣባቸውን በደረትና በእጅ ይገታሉ። አንዱ ከተዘናጋ የአራቱ ልፋት ከንቱ ይሆናል፤ ወርዋሪው ይወድቃል።

ምስጋናው ግን ለወርዋሪው ነው። ከ1935 ጀምሮ የሚሰጠውን የሄይስማን ሽልማት አንድም ሴንተር፣ ጋርድ ወይም ታክል አላገኘም። አምስቱን በአንድነት የሚያከብረው የጆ ሙር ሽልማት የተጀመረው በ2015 ነው፤ የመጀመሪያው ተሸላሚም አላባማ ነበር።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላል ያገራችን ሰው። እንግዲህ ጨዋታ ስናይ ለአንድ አፍታ ኳሷን ትተን አምስቱን እንመልከት።