የዱባው ፋኖስና የመስቀላው ችቦ
በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው፣ ሀሎዊን የተባለው የፈረንጆች በዓል ከየት ተነሥቶ ወደ ትምህርት ቤት እንደ ገባና፣ ከጋሞ ሕዝብ የመስቀላ በዓል ጋር ሲነጻጸር ምን እንደሚያስተምረን ነው። ለምርመራው ያነሣሣን በጋሞ ምድር በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን ያየነው ነገር ነው።

ጊዜው ጥቅምት 21 ቀን ነበር። ከባሕር ማዶ የመጡት የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ከአርባ ምንጭ ገበያ ትልቅ ዱባ አስገዝተው፣ ውስጡን ቦርቡረው፣ ዓይንና ጥርስ አውጥተው ሻማ አበሩበት። እኛም የወረቀት ጭንብል አጥልቀን ከክፍል ወደ ክፍል እየዞርን ከረሜላ ለመንን። ወጥ የሚሠሩልን እናት ብቻ፣ «ለመብል የተፈጠረውን ምን አድርጉ ብሎ ነው!» እያሉ አዘኑ። በመጨረሻ አስተማሪው «የእናንተስ በዓል እንዴት ነው?» ብለው ቢጠይቁን፣ «ዮ መስቀላ!» ከማለት በቀር የምንመልሰው አጣን። ይልቁንም ከደጋው የመጡት ጓደኞቻችን በመስከረም ለመስቀላ ቤታቸው ሄደው ስለ ዘገዩ «ቀሪ» ተብለው ተመዝግበው ነበር። የአንዱ በዓል ትምህርት፣ የሌላው ግን ጉድለት ሆኖ መቈጠሩ ያን ቀን አሳሰበን።

ሀሎዊን ከመነሻው የትምህርት ቤት በዓል አልነበረም። በአየርላንድና በአካባቢዋ የነበሩት ኬልቶች መከር አልቆ ክረምታቸው ሲገባ ሳውን የተባለውን በዓል ያከብሩ ነበር። በዚያች ሌሊት የሙታን መናፍስት ወደ ሕያዋን ይመጣሉ ተብሎ ይታመን ነበር። በኋላ የሮማ ሊቀ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ ሣልሳዊ (እ.ኤ.አ. 731–741) ለቅዱሳን ሁሉ የጸሎት ቤት ቀደሱ። ጎርጎርዮስ ራብዓዊም በ835 ገደማ በዓሉ ኖቬምበር 1 ቀን በሰፊው እንዲከበር አደረጉ። ሀሎዊን ማለትም የዚሁ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ በአየርላንድ ረኃብ በገባ ጊዜ ብዙ ሕዝብ ወደ አሜሪካ ሲሰደድ በዓሉን ይዞ ሄደ። በአገሩ ከመሬት የሚነቀል ሥር ቦርቡሮ ፋኖስ ያደርግ የነበረው ሰው በአዲሱ አገር ዱባ አገኘ። በሃያኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ግን ጎረምሶች በዚያች ሌሊት ንብረት ማበላሸት ስላበዙ፣ ከተሞችና ትምህርት ቤቶች በዓሉን ተረክበው የልጆች ጨዋታ አደረጉት።

ወደ እኛ አገር የመጣበትን መንገድ ለማሰብ አያስቸግርም። እ.ኤ.አ. በ1962 የሰላም ጓድ መምህራን ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ብዙዎቹ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተምረዋል። ቋንቋ የሚያስተምር ሰው የአገሩን በዓል ማውሳቱ አይቀርም፤ ይህም የሚነቀፍ አይደለም። ልጆች ከደጅ ወደ ደጅ መዞራቸውም ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ነሐሴ 13 ቀን የቡሄ ልጆች እየጨፈሩ ሙልሙል ይቀበላሉና።

መስቀላ ግን ከዚህ ሁሉ የሰፋ ነው። ስሙ ከክርስትና እንደ መጣ ግልጥ ነው፤ በደጋው የሚከበርበት ሥርዓት ግን የራሱ ነው። አባወራው ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ ያጠራቅማል፤ ጎረቤታሞች ተባብረው በሬ ገዝተው ሥጋውን ይካፈላሉ። በአዲስ አበባ በሽሮ ሜዳ የሚኖሩት ሸማኔዎች ወደ ዶርዜና ወደ ጨንቻ ይመለሳሉ። የተጣላ ሰው ሳይታረቅ በዓሉን እንዳይገባበት ሽማግሌዎች ይደክማሉ። ሲመሽ ከየደጁ ችቦ ይበራል፤ አዲስ ሙሽሮችም ወደ ገበያ አደባባይ ወጥተው ለሕዝብ ይታያሉ። የፕሮቴስታንት እምነት በተስፋፋባቸው ቀበሌዎች አንዳንዱ ሥርዓት ቀርቷል፤ ለዚህም ነው ሽማግሌዎች ሳያልፉ መጠየቅ የሚገባው።

ሁለቱ በዓላት እሳትን ይጋራሉ፤ አቅጣጫቸው ግን ተቃራኒ ነው። በአየርላንድ ከበዓሉ በኋላ ሌሊቱ እየረዘመ ሄዶ በዲሴምበር ቀኑ ከስምንት ሰዓት ያንሳል። ስለዚህ ፋኖሱ ወደ ጨለማ የሚገባ ሰው ፋኖስ ነው። በአርባ ምንጭ ግን የረጅሙና የአጭሩ ቀን ልዩነት አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። እዚህ የሚያስፈራው ጨለማ ሳይሆን ከባዱ ዝናብና ወንዝ የሚሞላበት፣ ሰው ከሰው የሚለያይበት ክረምት ነው። ችቦውም ከዚያ የወጣ ሰው ችቦ ነው። ይህን ልዩነት ያልተረዳ ተማሪ ሀሎዊንንም ቢሆን በቅጡ አላወቀውም።

እንግዲህ አስተያየታችን የባዕዱ በዓል ይከልከል የሚል አይደለም። አሜሪካኖች የገበሬ በዓላቸውን ትምህርት ቤት እንዳስገቡት ሁሉ፣ በጋሞ ያሉ ትምህርት ቤቶችም ለመስቀላ ፈቃድ ይስጡ፤ ተማሪውም ሲመለስ ከአያቶቹ የሰማውን ጽፎ እንዲያቀርብ ይታዘዝ። ያን ጊዜ በመስከረም ቀሪ የተባለው ልጅ በጥቅምት ለክፍሉ የሚናገረው ይኖረዋል። እኛ ያን ቀን ለአስተማሪያችን ያልመለስነውን ጥያቄም እርሱ ይመልሰዋል።